ለቅሶ ቤት ያፏጨው ድስት

እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልናገረው። አንድ ድስት ሊፈነዳ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ኩሽናው ውስጥ ደህና ጆሮ ያለን ስድስት ሰዎች ቆመን ምንም አላወቅንም። ያወቁት ጆሯቸው ጨርሶ የማይሰማ አንዲት እናት ናቸው።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በሐምሌ ነው። ቦታው ውቤ በረሃ፣ ጋሽ መርሻ ያረፉ ዕለት። ከዚያ ወዲህ ንፍሮ ባየሁ ቁጥር ይሄ ነገር ትዝ ይለኛል። በኔ ዕድሜ ደግሞ ንፍሮ በየሳምንቱ ነው የሚታየው።

መጀመሪያ ራሴን ላስተዋውቅ። በሰፈሬ «ኢንጂነር» እባላለሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት ጋር በሰላም ተለያየን፤ ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ሁሉ የተማርኩት በካቻቢቴ ነው። ሬዲዮ በሉ፣ ካውያ በሉ፣ ስቶቭ በሉ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን በሉ፣ ከፒያሳ ተነስታችሁ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ብትወርዱ እኔ ያልፈታሁት ዕቃ የለም። መልሼ የገጠምኩት ትንሽ ያንሳል፤ እሱን አታንሱብኝ።

ፕሬዠር የሚባለውን ድስት ታውቁታላችሁ። ክዳኑ የሚቆለፍ፣ አናቱ ላይ ትንሽ ብረት የምትቀመጥበት፣ እንፋሎቱ ሲሞላ የሚያፏጨው። የኔ ትልቅ ነው፤ አሥራ አንድ ሊትር። ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ከአስፋልት ላይ፣ ያገለገለ ነው የገዛሁት። መመሪያ የሚባል ወረቀት አልነበረውም። ቢኖረውም አላነበውም ነበር።

ክዳኑ ላይ ከምታፏጨው ብረት ሌላ አንዲት የልብስ ቁልፍ የመሰለች ትንሽ ጎማ አለች። እሷ አርጅታ ኖሮ እንፋሎት ታሾልክ ነበር። «ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች?» አልኩና ነቅዬ ጣልኳት። በቦታዋ ቡሎን ከነዋሸሩ አስገብቼ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ጠብ የማይል ሆነ። ባለቤቴን እታገኝን ጠርቼ አሳየኋት።

«ፋብሪካው ያላሰበውን እኔ አሰብኩለት» አልኳት።

«ፋብሪካው ረስቶት ይመስልሃል?» አለችኝ።

ሚስቶች እንዲህ ናቸው ብዬ አለፍኩት።

እንግዲህ ጋሽ መርሻ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሰፈሩን ሱሪ ሁሉ ያሳጠሩት እሳቸው ናቸው። ደግ፣ ቁጥብ፣ ነገር የማያበዙ ሰው። ሲሞቱም እንደዚያው ነገር ሳያበዙ፣ ሊነጋጋ ሲል በተኙበት አረፉ። ቀብራቸው ስምንት ሰዓት ላይ ተባለ።

ሰፈራችን ግማሹ ፈርሶ ሰዉ ተበትኗል። አያት ኮንዶሚኒየም የገባ አለ፣ ገላን የገባ አለ፣ የት እንደገባ የማናውቀውም አለ። ለቅሶ ከሆነ ግን ሁሉም ሦስት ታክሲ ቀይሮ ይመጣል። ያን ቀንም ዝናቡ እየወረደበት መጣ። ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ። ድንኳን ላይ እንኳን ማንም አይወዳደረኝም፤ በዚያ ዝናብ አንድ ጠብታ አላስገባም።

ችግሩ ንፍሮው ላይ መጣ። ከቀብር መልስ ለሰው የሚቀርበው ንፍሮ ነው። ስንዴና ሽምብራው ከዋዜማው ካልተዘፈዘፈ ደግሞ እሳት ላይ ሲንተከተክ ይውላል። ጋሽ መርሻ ለማንም ሳይነግሩ ነው የሄዱት፤ ማን ይዘፍዝፍ? በዚያ ላይ የእድሩ ማገዶ በስብሷል። ሴቶቹ እፍ ሲሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ እንደገና እፍ ሲሉ ስድስት ሰዓት ሆነ። ትልቁ ድስት ገና ለብ አላለም።

የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ከድር ናቸው። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ለጋሽ መርሻ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ያቀበሉ። ጠዋት ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ። አሁን ደግሞ ኩሽናው በር ላይ ቆመው ይቆጣሉ።

«ከአያት፣ ከገላን የመጣ ሰው በባዶ ሆዱ ልንሸኝ ነው? በመርሻ ለቅሶ?»

«እንጨቱ እኮ እርጥብ ነው ጋሽ ከድር!»

ይሄኔ ነው ኢንጂነሩ የተነሳው።

«ምን ያስጨንቃችኋል? እኔ እያለሁ! ያልተዘፈዘፈውን ንፍሮ በአርባ ደቂቃ አወጣላችኋለሁ» አልኩ። ቤቴ ሮጬ ፕሬዠሩን ተሸክሜ መጣሁ። ቡታጋዙንም እታገኝ ከኋላዬ።

ሰዉ ቀብር ሲሄድ እኔ ለድንኳኑና ለድስቱ ቀረሁ። ሰው ብዙ ነው ብዬ ስንዴና ሽምብራውን እስከ አፉ ሞላሁት። ውኃውን ከላይ ቸለስኩበት። ክዳኑን ስዘጋው ሁለት ሽምብራ ቦታ አጥተው ተንከባለሉ። ሰው ከቀብር መመለሻው ሲቃረብ እሳቱን ለቀቅኩበት፤ እስከ መጨረሻው። ኩሽናው ጠባብ ነው። ከኔና ከእታገኝ ሌላ የእድሩ አራት ሴቶች ነበሩ። ሁሉም የኔን ድስት ከበው ያዩታል። ደስ ሲል!

ሰዉ ተመለሰ። ድንኳኑ ሞላ። የጋሽ መርሻን ባለቤት እትዬ ፈለቀችን ደግፈው አስገቧቸው። ከጠዋት ጀምሮ ቃል አልወጣቸውም፤ ውኃ እንኳ እምቢ ብለዋል። ሁሉም ጸጥ አለ። ቄሱ ተነስተው ጸሎት ጀመሩ።

ድስቴም ጀመረ።

ፉዊይይይይይይይት!

ድስት ሲያፏጭ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ሲያፏጭ ሰምቼ አላውቅም። ኳስ ሜዳ ፍጹም ቅጣት ምት የተሰጠ ነው የሚመስለው። ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አዞረ። ጋሽ ከድር ባርኔጣቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ።

«ማነው ለቅሶ ቤት የሚያፏጨው?»

«ድስቱ ነው ጋሽ ከድር።»

«ድስትም ቢሆን ይፈር እንጂ! ሰውየው ዛሬ እኮ ነው የተቀበረው! አስቁመው!»

«እሳቱን ካጠፋሁት ንፍሮው አይደርስም።»

«እሳት ማን አለህ? ፉጨቱን ነው ያልኩህ!»

እውነታቸውን ነው። ለቅሶ ቤት አይፏጭም። እኛ ሰፈር ለቅሶ ካለ ሬዲዮ እንኳ ይዘጋል። አፈርኩ። ኢንጂነር ሲያፍር ደግሞ ጭንቅላቱ ቶሎ ይሠራል። የእጅ ፎጣ ውኃ ውስጥ ነከርኩና አጥፌ አጥፌ የምታፏጨዋ ብረት ላይ ጫንኩት። ድስቱ ፎጣውን ገፋ አደረገው። «ትገፋኛለህ?» አልኩና ሽቦ አመጣሁ። ሽቦውን በፎጣው ላይ አሳልፌ ከዚህኛው እጀታ ወደዚያኛው እጀታ አሰርኩት። በፒንሳ ሁለቴ ጠመዘዝኩት።

ዝም አለ። ጸሎቱ ቀጠለ።

ሴቶቹ ሊያጨበጭቡልኝ ምንም አልቀራቸውም። ለቅሶ ስለሆነ በዐይናቸው ነው ያጨበጨቡልኝ። ጋሽ ከድርም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ እታገኝ ድስቱን አየችው።

«ይሄ ነገር ምንም ድምፅ የለውም እኮ። እየበሰለ ነው ወይስ ሞቷል?»

«ምን ይሞታል? ጆሮሽን አስጠግተሽ ስሚው፤ ሲፈላ ይሰማሻል» አልኳት።

ይቺን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። ያልኳት እኔ ነኝ። በዚህ አፌ።

እሷም ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ ጎንበስ አለች። ጉንጯ ከክዳኑ ጠርዝ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው።

በዚህ ሰዓት ነው እኚያ እናት የገቡት። አላውቃቸውም ነበር። ከጋሽ መርሻ ዘመዶች ጋር ከአቃቂ የመጡ ናቸው፤ ስማቸው እማማ በላይነሽ እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት። ደቃቃ ናቸው፤ ጥቁር ልብስ፣ ወፍራም መነጽር፣ እጃቸው ላይ ባዶ የፕላስቲክ ኩባያ።

«ምን ልታዘዝ እናቴ?» አልኳቸው።

አልመለሱልኝም። ዐይናቸው ድስቱ ላይ ቀርቷል። አናቱን አዩ። እሳቱን አዩ። ፎጣውንና ሽቦውን አዩ። ከዚያ የእታገኝን ጭንቅላት አዩ።

ኩባያው ከእጃቸው ወደቀ።

በሁለት እርምጃ ደረሱና እታገኝን በቀሚሷ አንገትጌ ይዘው ወደ ኋላ ወረወሯት። ወረወሯት ነው የምላችሁ! ባለቤቴ ቀላል ሴት አይደለችም። የሽንኩርት ጆንያው ላይ በጀርባዋ ወደቀች፤ ነጠላዋ እዚያው ምድጃው አጠገብ ቀረ። እማማ በላይነሽ በዚያው እጃቸው ቡታጋዙን ጠረቀሙት። ከዚያ ዞረው ጮኹ። ራሱን የማይሰማ ሰው እንዴት እንደሚጮህ ታውቃላችሁ፤ ልክ የለውም።

«ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!»

ጸሎቱ ለሁለተኛ ጊዜ ቆመ።

ሴቶቹ እታገኝን አንስተው ወጡ። እኔ ግን ኢንጂነር ነኝ። በሰፈሬ ሰው ፊት፣ በራሴ ድስት፣ ማንነታቸውን በማላውቃቸው ሴት ልባረር?

«እናቴ አይደንግጡ» አልኩ እየሳቅሁ። «ምንም አልሆነም። ዝም ብሏል እኮ። ይኸው ሽቦውን ልፍታውና ይዩት።»

ፒንሳዬን አንስቼ ወደ ድስቱ ሄድኩ። እሳቸው ከጠረጴዛው ላይ ጭልፋ አነሱና የእጄን አንጓ መቱኝ። ፒንሳው ወደቀ። አንድ ቃል ልናገር ስል ደገሙኝ። ከዚያ ቀበቶዬን ይዘው ይጎትቱኝ ጀመር። እኔ ዘጠና ኪሎ ነኝ፤ እሳቸው አርባ አምስት ቢሆኑ ነው። ተጎተትኩ። በሩን ከኋላችን ዘጉት።

እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ያየኛል። ክብሬን ላስመልስ አፌን ስከፍት፣

ዷ!

ከዚያ ደግሞ ሺሺሺሺሺ የሚል ድምፅ፣ የሚያልቅ የማይመስል። የኩሽናው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። በበሩ ሥር ነጭ እንፋሎት እግራችን ላይ ፈሰሰ። ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተገለበጠ፤ ሰው በሰው ላይ ተደራረበ። ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ኩሽናው አዞሩ።

ጋሽ ከድር በጭቃው እየተንሸራተቱ ደረሱ።

«ኢንጂነር! ሞተሃል?»

«አልሞትኩም ጋሽ ከድር።»

«እንግዲያው ና ልግደልህ!»

ከውስጥ ደግሞ የእትዬ ፈለቀች ድምፅ ተሰማ። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያ ቃላቸው ነው።

«ምንድነው እሱ?»

«ንፍሮው ነው እትዬ» አለ አንዱ።

«ማን ነው የቀቀለው?»

«ኢንጂነር ነው።»

«መርሻ እኮ ነግሮኝ ነበር» አሉ እትዬ ፈለቀች። «እኔ ብሞት እንኳ ያንን ሰውዬ የቤቴን ዕቃ እንዳታስነኪው ብሎኝ ነበር።» እንባቸው እየወረደ ሳቁ። ሰዉም ሳቅና ለቅሶው ተቀላቀለበት። ያኔ ነው ውኃ ስጡኝ ብለው የጠጡት።

እኔ ልገባ ስል እማማ በላይነሽ በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉኝ። ሺሺሺ የሚለው ነገር ጨርሶ እስኪቆም፣ እንፋሎቱም እስኪጠፋ ማንንም አላስገቡም። ከዚያ መጀመሪያ እሳቸው ገቡ፤ ቀጥሎ እኔና እታገኝ።

ክዳኑ አልተነሳም። የክዳኑ ዙሪያ ጎማ ግን በአንድ በኩል ተተፍቶ ወጥቶ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል። በዚያ በኩል ነው ሁሉም ነገር የወጣው። ኮርኒሱ ላይ ስንዴ ተለጥፏል። ምድጃው ፊት ለፊት ያለው ቁምሳጥን በር፣ እታገኝ ጎንበስ ባለችበት ልክ፣ ቀለሙ ተልጦ ሽምብራ ተጣብቆበታል። ነጠላዋ ምድጃው ሥር ወድቆ ይጨሳል፤ ስንዴው እስከ ጥለቱ ገብቶበታል።

እታገኝ ቁምሳጥኑን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ምንም አላለችኝም። ብትሰድበኝ በወደድኩ።

እኔ የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። «ጆሮሽን አስጠግተሽ ስሚው» ያልኩት ድምፄ ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል።

«እናቴ፣ እንዴት አወቁ?» አልኩ።

«ቀስ ብለህ ተናገር» አሉኝ። «አልሰማም። አፍህን ነው የማየው።»

ያኔ ነው ሁላችንም ያወቅነው። ቀስ ብዬ ደገምኩላቸው።

«ትንፋሹን አየሁት» አሉ። «ትንፋሽ የለውም። እሳቱ ግን ይነዳል። ትንፋሹ የት ሄደ?»

ሃያ ስምንት ዓመት የአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ፣ እንፋሎት ከሚያፈላው ቦይለር አጠገብ ነው የሠሩት። ጆሯቸውን የወሰደው የማሽኑ ጩኸት ነው። ጆሯቸው ሲሄድ አለቆቻቸው ከዚያ ሊያነሷቸው ፈልገው ነበር። «እኔ በዐይኔ እሰማለሁ አልኳቸው፤ ፈትነውኝ ተዉኝ» አሉን። «የሚሰሙት ልጆች ሲያፏጭ ይሮጣሉ፣ ዝም ሲል ቁጭ ብለው ያወራሉ። እኔ እንፋሎቱን ነው የማየው። ሲወጣ ደህና ነው። እሳት እያለ ሳይወጣ ሲቀር ነው የምሮጠው።»

ድስቱ እስኪቀዘቅዝ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። እሳቸው ሽቦውን ፈቱ፣ ብረቷን ከፍ አድርገው ምንም እንደማይወጣ አዩ፣ ከዚያ ክዳኑን ከፈቱት። ክዳኑን ወደ መስኮቱ አንስተው ብረቷ የምትቀመጥባትን ቀዳዳ አሳዩኝ።

«ብርሃን ይታይሃል?»

«አይታየኝም።»

በመርፌ ወጋ አደረጉት። የሽምብራ ልጣጭ ተጠቅልሎ ወጣ።

«እስከ አፉ ሞላህበት። ጥራጥሬ ከሆነ ከግማሽ አታልፍም። ያብጣል፣ አረፋ ያወጣል፣ ልጣጩ ተንሳፍፎ ቀዳዳ ይፈልጋል። አንተ በላይ በኩል ሳታስረው በፊት ከታች በኩል መታፈን ጀምሮ ነበር።»

ከዚያ ጣታቸው ቡሎኑ ላይ ደረሰ።

«ይሄ ምንድነው?»

እኔ ኮርኒሱ ላይ የተለጠፈውን ስንዴ መቁጠር ጀመርኩ።

«ቡሎን ነው» አለች እታገኝ፣ አፏን በደንብ እየከፈተች።

«ማነው ያስገባው?»

«ኢንጂነሩ።»

«የት ነው ያለው ያ ሰውዬ?»

ጋሽ ከድር፣ አራቱ ሴቶች፣ ባለቤቴ፣ ሁሉም ጣቱን ወደኔ ቀሰረ።

እማማ በላይነሽ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። «ይቺ የነቀልካት ጎማ ሥራዋ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ቀዳዳው ሁሉ ሲዘጋ እሷ ተነቅላ እንፋሎቱን ልትለቅ ነው እዚያ የተቀመጠችው። ስታረጅ የራሷን ዓይነት ገዝተህ ትተካለህ። ቡሎን ታስገባለህ እንዴ? የዙሪያው ጎማ ባይሸነፍ ኖሮ ክዳኑ ነበር የሚነሳው።»

«ለቅሶ ቤት ፉጨት ነውር ሆኖብን እኮ ነው» አሉ ጋሽ ከድር፣ ከኔ ጋር ጥፋቱን ሊካፈሉ። እግዜር ይስጣቸው።

«እሱማ ነውር ነው» አሉ እማማ በላይነሽ። «ታዲያ እሳቱን አትቀንሱም? ማፏጨት ከጀመረ እኮ ትንሽ እሳት ይበቃዋል። እሳቱን ብትቀንሰው ድስቱም ይረጋጋል፣ ንፍሮውም ይደርሳል፣ ቄሱም ይጸልያሉ።»

አያችሁ? እሳቱን መቀነስ ብቻ። ሽቦ፣ ፒንሳ፣ ፎጣ፣ ይሄ ሁሉ ምርምር፤ የሚያስፈልገው ግን የቡታጋዙን ቁልፍ በሁለት ጣት ዞር ማድረግ ነበር።

ተነሳሁና ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። ባለቤቴን እንዳተረፉልኝ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። ጎንበስ ስል ግን አፌ አይታያቸውም፤ የምለውን ሁሉ ለወለሉ ነው የነገርኩት። ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝ።

«ጉልበቴን ተወውና ውኃ ስጠኝ» አሉኝ። «እኔ የመጣሁት ውኃ ልጠጣ ነው።»

ሁለት ብርጭቆ ጠጡ። እኔው ነኝ የቀዳሁላቸው።

ሰዉ ያን ቀን ዳቦ በሻይ በላ። ጋሽ ከድር ከዳቦ ቤት በጆንያ አስመጡ። ከአያትም ከገላንም የመጣ ሰው በባዶ ሆዱ አልሄደም። ንፍሮው በትልቁ ድስት፣ በዚያው እርጥብ እንጨት፣ ለማግስቱ ደረሰ።

ያ ድስት ከዚያ ቀን በኋላ እሳት አልነካም። ልጠግነው አልሞከርኩም፤ ይሄንንም ላታምኑ ትችላላችሁ። ክዳኑን በመዶሻ ደፍጥጬ ቁራሌው እንኳ ለሌላ ሰው እንዳይሸጠው አድርጌ ነው የሰጠሁት።

ከሁለት ወር በኋላ እማማ በላይነሽን ከአቃቂ ድረስ ሄጄ ቤቴ አመጣኋቸው። አዲስ ፕሬዠር፣ ከነመለዋወጫ ጎማዎቹ፣ ገዝቼ ጠበቅኳቸው። እታገኝ ድስቱን ቤት አላስገባም ብላ ነበር፤ እሳቸው ባሉበት ከሆነ ብላ ነው የፈቀደችው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ከመጀመሪያው ጀምረው አሳዩን። ቀዳዳዋን በብርሃን ማየት፣ የዙሪያውን ጎማ በጣት መዳሰስ፣ የተሰነጠቀ ከሆነ መተው፤ ከግማሽ በታች መሙላት፣ ሲያፏጭ እሳት መቀነስ፣ ከአጠገቡ አለመራቅ። ሲበስል አጥፍቶ መተው። ክዳኑ እምቢ ካለ አለመታገል፤ እምቢ ያለው እንፋሎቱ ገና ውስጡ ስላለ ነው። ሲከፈትም ፊትን አዙሮ፣ ክዳኑን እንደ ጋሻ ይዞ። እታገኝ ሦስቴ ሠራችው። እኔን አንዴ ብቻ አስነኩኝ፤ እሱንም ሁለቱንም እጄን እያዩ።

ያን ቀን የበላነው ሽምብራ እንደ ቅቤ ነበር የሚቀልጠው። እማማ በላይነሽ እየበሉም ዐይናቸው ከድስቱ ላይ አልተነሳም።

አሁንም ኢንጂነር ነኝ። ማንም እንዳይሳሳት። ከፒያሳ እስከ ቸርችል ጎዳና የተበላሸ ዕቃ ያለው ሰው አሁንም እኔን ነው የሚጠራው። አንድ ነገር ግን ተለውጧል። ሰው ፕሬዠር ይዞ ሲመጣ ክዳኑን ወደ ብርሃን አነሳለሁ፣ ትንሿን ጎማ አያለሁ፣ አርጅታ ከሆነ «የራሷን ዓይነት ፈልገህ ካላመጣህ አልነካውም» እላለሁ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ «ይሄን አልነካም» የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር። አሁን ስለው ደስ ይለኛል። እሳቸውን ያመሰገንኩ ይመስለኛል።

ይኸው ነው። ውሸት ነው የምትሉ ካላችሁ መንገዱ ክፍት ነው። ጋሽ ከድር ሱቃቸው ላይ ናቸው፤ ሂዱና የኔን ስም ጥሩ፣ መጀመሪያ ይረግሙኛል፣ ከዚያ ይነግሯችኋል። ከአራቱ ሴቶች ሁለቱ ገላን ናቸው፣ ሁለቱ እዚሁ ናቸው፤ ጠይቋቸው። አቃቂ ድረስ መሄድ የሚፈልግም ይሂድ፤ ብቻ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ቀስ ብሎ ይናገር። ይሄም ካልበቃችሁ ቤቴ ኑ። እታገኝ በሩን ትከፍትላችኋለች። ምንም አትጠይቋት። ዝም ብላችሁ ፊቷን እዩትና፣ ጉንጯ ላይ አንዲት የእሳት ምልክት ካገኛችሁ ውሸታም በሉኝ።